የሶሲና አፍንጫ

ጅጅጋ ውስጥ ነፋስ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ጠዋት ከካራማራ በኩል ይነሣና አቧራውንም፣ የጫት ገረባውንም፣ የሰዉን ሁሉ የምሳ ሽታ ከደጅ ደጅ ያዞራል። ጎረቤት ምን እንደሠራ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ነፋሱ ወሬኛ ነው። በከተማው ውስጥ ይህ ወሬ የማይደርሰው ሰው ቢኖር ነቢዩ ነበር።

ነቢዩ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነው። በኮሮናው ጊዜ ታሞ ሲነሣ ትኩሳቱም ሳሉም ለቀቁት፤ የማሽተት ስሜቱ ግን እንደ ሄደ ቀረ። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለእናቱማ ከቶውንም። ወይዘሮ አትጠገብ ባላቸውን ከቀበሩ ወዲህ ደስታቸው ልጃቸው ፊት ወጥ አቅርበው ሲጎርስ ፊቱን ማየት ነው። እሱም የሞቀ ነገር ምላሱ ላይ ከመሆኑ በቀር ምንም ሳይሰማው በየቀኑ «እጅሽ ይባረክ» ይላል። ውሸት ኃጢአት ነው ለምትሉ፣ ይህኛውን የት እንደምትመድቡት እናንተ ታውቃላችሁ።

አባቱ ትተውለት የሄዱት አንዲት ነጭ የቤት መኪና ነበረች። ከዱባይ በበርበራ ወደብ፣ ከዚያ በቶጎ ውጫሌ የገባች፣ መሪዋ በቀኝ በኩል የሆነ አሮጊት። የሰፈሩን ሙሽራ ክርስቲያን እስላም ሳትል ስታመላልስ ስለኖረች ስሟ «ሙሽሪት» ነው። ወይዘሮ አትጠገብ መስታወቷን በነጠላቸው ጫፍ ሲወለውሉ ያያቸው ሰው ከማን ጋር እንደሚያወሩ አይጠፋውም።

ሶሲና የድሬዳዋ ልጅ ናት። ሸደር ባለው የስደተኞች መጠለያ በሚሠራ አንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥራ የመኪኖች ክፍል ኃላፊ ሆና መጣች። በመጣችበት ሰሞን የድርጅቱ አሮጌ መኪኖች ቆመው ነበር። የሠራቸው ፋብሪካ፣ የነዳጅ ቱቧቸው እየተሰነጠቀ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ሳይቀየር እንዳይነዱ ሲል ጥሪ አስተላልፏል። ሶሲና ግን ሸደር መድረስ ነበረባት። የሥራ ባልደረባዋ ዒፍራህ ልትደውል ስልኳን አነሣች።

«አባዮ፣ እህቴ፣ አታስቢ። ጎረቤታችን ነቢዩ ቅዳሜ ሥራ የለውም፤ እሱ ያደርስሻል።»

ቅዳሜ ጠዋት ሙሽሪት ደጅ መጥታ ቆመች። ሶሲና እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ በቀኝ በኩል ዞራ በሩን ከፈተችና ተቀመጠች። ቀና ስትል መሪው ፊቷ ተደቅኗል። ሻንጣዋን ከኋላ ሲጭን የነበረው ነቢዩ መጥቶ በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«ሊነዱልኝ ነው?»

«ውይ፣ እኔ እኮ...»

«ግድ የለም፤ እኔም ደክሞኝ ነበር።»

ሳቀች። ነቢዩ ያን ዕለት መንገዱን ሳይሆን የዚያን ሳቅ መጨረሻ ሲጠብቅ ነው የነዳው።

ከከተማው ወጥተው ሜዳው ሲዘረጋ ሶሲና መስኮቷን ከፈተች። ትንሽ ቆይታ የኋለኛውንም ከፈተች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«አቁም» አለችው። «አንተ» ማለቷን እሷም አላስተዋለችው።

«ምነው?»

«ቤንዚን ይሸታል። በጣም ይሸታል። አንተን አይሸትህም?»

ነቢዩ እንደ ልማዱ «የመንገዱ ይሆናል» ሊል አፉን ከፈተ። ዓይኗ ግን ዓይኑ ላይ ነበር፤ የሚወቅስ ዓይን አልነበረም፣ የሚጠብቅ ነበር። ሞተሩን አጠፋ።

«አይሸተኝም» አለ። «ቤንዚኑም፣ ሌላውም። ከበሽታው ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ይህን ስነግር አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

ወርደው ሲያዩ ከኋለኛው ወንበር ሥር አቧራው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሶሲና ከዚያ በኋላ እሷም አልተሳፈረችም፣ እሱንም አላስነዳችውም። ነቢዩ መካኒኩን ማሃድን በስልክ ጠራና ሁለቱ ከመኪናዋ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የሚያልፍ ሚኒባስ ለመምጣት አልቸኮለም። ማንኛቸውም አልተናደዱበትም።

«ከቤንዚኑ ሌላ፣ እዚህ ምን ይሸታል?» ብሎ ጠየቃት።

ዓይኗን ጨፈነች። ነፋሱ ሻሿን ወደ ኋላ ገፋው።

«ሩቅ ቦታ ዝናብ ነክቷል፤ የራሰ አፈር ይሸታል። የእንጨት ጭስም አለ። ደግሞ... ፍየል።»

«ፍየል እንኳ ናፍቆኛል» አለ ነቢዩ። አልሳቀም፤ እውነቱን ነበር። ሶሲና ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት ልቧ አዘነለት፤ ማዘን ብቻ ግን አልነበረም።

ማሃድ መጣ። የጅጅጋ መካኒክ ነዳጅ የሚያፈስ ነገር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሳሙና ነው። ደረቅ ሳሙና በውኃ አሽቶ ስንጥቁ ላይ ሲለጥፈው ይይዛል፤ ብዙ መኪና በሳሙና አገር አቋርጧል። የሚይዘው ግን እስኪደርቅ ድረስ ነው።

ሶሲና በሳሙናው አልተኛችም። የሙሽሪትን የሻንሲ ቁጥር ይዛ በስልኳ ስታስስ ያው የፈራችው ሆነ። ፋብሪካው ይህችንም ከዓመታት በፊት «መልሷት፣ ቱቦዋን በነፃ ልቀይር» ብሎ ጠርቷት ኖሯል። ጥሪው የደረሰው ባሕር ማዶ ለነበረው የመጀመሪያው ባለቤቷ ነው። እሱ ሸጣት፣ የገዛትም ሸጣት፤ በርበራ ስትራገፍ ጥሪው አብሯት አልወረደም።

«አዲሱ ቱቦ እስኪመጣ ድረስ እኔ አልሳፈርባትም» አለችው። «አንተም ማንንም አታሳፍርባት። ቃል ግባልኝ።»

«ቃሌ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸው በእግርና በባጃጅ ሆነ። አመሻሹ ላይ ጎን ለጎን ሲሄዱ እሱ «ምን ይሸታል?» ይላል፣ እሷ ትነግረዋለች። የሚጠበስ ሳምቡሳ፣ የሄል ሻይ፣ ወደ በረት የሚመለስ ግመል። የማታውቀው ሽታ ሲሆን እየፈጠረች ትነግረዋለች፤ እሱም እንደምትፈጥር ያውቃል። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ትከሻቸው ተነካክቶ «አሁንስ?» ሲላት ራሷን ትከሻው ላይ አሳረፈች። ባጃጁ ቤቷ ደጅ እስኪደርስ እንደዚያው ሆነው ሄዱ።

ደግ ነገር ግን ያለ ወሬ አይሰነብትም። ወሬው ወይዘሮ አትጠገብ ጆሮ ገባ።

«ያቺ የድሬ ልጅ የአባትህን መኪና ተጠየፈች አሉ» አሉት ወጥ እያወጡ።

«አልተጠየፈችም እማ። ነዳጅ ስለሚያፈስ ነው።»

«ማሃድ ደፍኖት የለም እንዴ? እኔ ተድሬ ስመጣ በቅሎ እንኳ አልነበረም። የአባትህን ወንበር የናቀች እኔን ታከብራለች?»

ሁሉን ሊነግራቸው ፈለገ። ግን «አንተስ እንዴት አልሸተተህም?» ማለታቸው አይቀርም፤ ከዚያ ወጡ ይመጣል። ጎረሰ፣ «እጅሽ ይባረክ» አለ፣ ነገሩ እዚያው ቀረ።

ዒፍራህ ልታገባ ሆነ። ከዓመታት በፊት የዒፍራህ እናት ሐጃ ሀምሴ የታናሽ እህታቸውን ሙሽርነት በሙሽሪት ነበር የሸኙት፤ አሁንም የልጃቸው በእሷ እንዲሆን ለመኑ። ወይዘሮ አትጠገብ ልጃቸውን ሳይጠይቁ «የእናንተ አይደለችም ወይ?» ብለው ቃል ሰጡ። ነቢዩ በእናቱ ቃልና በራሱ ቃል መሀል ገብቶ ተያዘ። ቱቦው ከዱባይ ሊመጣ መንገድ ላይ ነው ይባላል። ማሃድ ሳሙናውን አደሰለት። ለሶሲና ግን ሳይነግራት ቀረ፤ ሰው የሚፈራውን ነገር ካልተናገረው የማይመጣ ይመስለዋል።

የሠርጉ ዕለት ፀሐይዋ ጠንካራ ነበረች። ሙሽሪት በአበባና በሪባን አጊጣ ከሰዓታት በፊት ጀምሮ ደጅ ቆማለች። የሶማሌ ሴቶች ሙሽራ ከመሳፈሯ በፊት ወንበሩን ኡንሲ ያጥኑታል፤ ሽቶና ስኳር የተነጠረበት የአገሩ ዕጣን ነው። አንዲት አክስት ፍም የሞላበትን የሸክላ ማጨሻ ይዘው እልል እያስባሉ መጡ። ነቢዩ የኋላውን በር ከፈተላቸው። ደስ ብሎት ነበር።

በዚያው ቅጽበት ሶሲና ዒፍራህ ያሰፋችላትን ድራዕ ለብሳ ከግቢው ወጣች። ነፋሱ ከመኪናዋ ወደ እሷ ነበር። ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች፣ ማጨሻውን ከአክስቲቱ እጅ ላይ በሁለት መዳፏ ነጠቀች፣ እንደ ታቀፈችው መንገዱን ተሻግራ አሸዋው ላይ ደፋችው።

እልልታው ተቋረጠ።

«ምን ነክቶሽ ነው?» አሉ ወይዘሮ አትጠገብ። «በሰው ሠርግ ላይ? ንቀትሽ እስከዚህ ነው?»

ማሃድ መኪናዋ ሥር ገብቶ ነበር። ሲወጣ እጁ እስከ ክንዱ ርሷል። ሳሙናው በፀሐይ ደርቆ ረግፏል፣ ከወንበሩ ሥር ያለው አፈር ጨቅይቷል። «ሁላችሁም ራቁ» አለ ቀስ ብሎ። «ወላሂ፣ ፍሙ ገብቶ ቢሆን...» አልጨረሰውም።

የሶሲና መዳፍ ቀልቶ እየተላጠ ነው። ነቢዩ አጠገብ ካለው ሱቅ ደጅ አንድ ሃይላንድ አንሥቶ ወደ እሷ ሮጠ። ክዳኑን ከፈተ፣ ሊያፈስላት ሲል እጁ ቆመ። በዚህ ከተማ ቤንዚንም የሚሸጠው በሃይላንድ ነው፤ ጠርሙሱ ደግሞ አቧራ ጠጥቷል። ሰው ሁሉ እያየው ጠርሙሱን ወደ አፍንጫዋ አቀረበላት።

«ውኃ ነው» አለች። ያን ጊዜ አፈሰሰላት።

ወይዘሮ አትጠገብ ይህን አዩ።

«ምነው አንተ አታሸተውም?»

«አይሸተኝም እማ። ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም።»

እናት የጠየቁት ስለ መኪናው አልነበረም። «ወጤስ?»

«ሙቀቱ ይታወቀኛል» አለ። «ደግሞ ፊትሽን አያለሁ።»

ዒፍራህ በአበባ ባጌጠ ባጃጅ ተሞሸረች፤ የሰፈሩ ባጃጅ ሁሉ ጥሩንባውን እየነፋ ተከተላት። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ሠርግ አልታየም ይባላል። ሶሲና ግን እጇን በፋሻ ታስራ፣ ነቢዩን አንድ ነገር ብቻ ብላው ሄደች።

«አለማሽተትህ አይደለም ያስቀየመኝ። አፍንጫ ሆኜህ ነበር፤ ደበቅከኝ።»

ቢደውል ስልኩን አላነሣችለትም። ደጇ ሄዶ ቆሞ ተመለሰ። አመሻሹ ላይ ብቻውን ሲሄድ መንገዱ ሁሉ ባዶ ሆነበት፤ ከተማው ምን እንደሚሸት የሚነግረው የለም።

አንድ እሑድ የሶሲና በር ተንኳኳ። ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው፤ በባጃጅ መጥተዋል፣ ምሳ ዕቃ ይዘዋል። ሳይቀመጡ ከፈቱት።

«ቅመሺልኝ ልጄ። እጅሽ ካልዳነ እኔ ላጉርስሽ። እውነቱን ብቻ ንገሪኝ።»

አጎረሷት። ሶሲና አኘከች፣ ዋጠች፣ አመነታች።

«እትዬ አትጠገብ... ጨው በዝቷል።»

ወይዘሮ አትጠገብ ወንበር ላይ ዘፍ ብለው ሳቁ፤ እየሳቁም እንባቸው መጣ። «ይኸው! ይህን ሁሉ ጊዜ እጅሽ ይባረክ እየተባልኩ እጄ ጠፍቶብኛል። እሱ አይነግረኝ፣ እኔ አላውቅ። ልጄ ውሸታም ነው፤ ውሸቱ ግን ለሰው ልብ ነው። አንቺን ያስፈለገንም ለዚሁ ነው።» ያበጠውን መዳፏን ይዘው ሳሙት። «መኪናውን የናቅሽ መስሎኝ ነበር። አንቺ ያከበርሽው በውስጡ የሚቀመጠውን ኖሯል።»

ሶሲና የዚያን ዕለት ማታ ስልኩን አነሣች።

ቱቦው ሙሽሪት ራሷ በመጣችበት መንገድ፣ በበርበራ በኩል መጣ። ማሃድ ገጠመው፣ ታንኩን ሞላ፣ ፀሐይ ላይ አቆማት። ሶሲና መጣች። መኪናዋን ዞረቻት፣ ተንበርክካ ከሥሯ አየች፣ የኋላ ወንበሩ ላይ አፍንጫዋን አሳርፋ ቆየች። ወይዘሮ አትጠገብ በራፉ ላይ ቆመው ትንፋሻቸውን ውጠዋል።

«ምን ይሸታል?» አላት ነቢዩ።

«ምንም።»

እስከ ዛሬ ከነገረችው ሽታ ሁሉ እንደዚህ ደስ ያለው አልነበረም። የግራውን በር ሊከፍትላት ዞረ፤ እሷ ግን በቀኝ በኩል ሄዳ በሩን ከፈተችና መሪው ፊት ተቀመጠች።

«ሊነዱልኝ ነው?» አላት በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ።

«ግባ» አለችው፤ ጠባሳ ባለው መዳፏ ባዶውን ወንበር መታ መታ አደረገች። «መንገዱን ሁሉ እየነገርኩህ እሄዳለሁ።»