የድብልብል ወንድሞች

«እማዬ፣ ደም ነው!»

በቅጥነቷ የተነሳ ቤተሰቡም ሰፈሩም «ጭራሮ» የሚላት ልጅ መወልወያውን ጥላ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ቡችላዋ ድብልብል ባልዲው ሥር ተዘርግቷል። ትናንት ቤቱን ሲያተራምስ የዋለ ውሻ፣ ዛሬ ስሙን ስትጠራው ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ከሥሩ የፈሰሰው ተቅማጥ ቀይ ነው፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል።

ጠዋት ሲያስመልሰው «ያገኘውን ስለሚውጥ ነው» ብላ የነበረችው እናቷ ቀረብ ብላ ስታየው ፊቷ ተለወጠ።

«ፎጣ አምጪ። ቶሎ!»

ክሊኒኩ ውስጥ የእንስሳት ሐኪሟ የድብልብልን ድድ በጣቷ ጫን አድርጋ አየች። ከሰገራው ጥቂት ወስዳ መመርመሪያው ላይ ጠብ አደረገች። በመመርመሪያው ነጭ ወረቀት ላይ ሁለተኛዋ ቀይ መስመር ቀስ እያለች ብቅ አለች።

«ፓርቮ ነው» አለች ሐኪሟ። «ተከትቧል?»

«አዎ፣ የሰጠችኝ ጓደኛዬ ተከትቧል ብላኛለች» አለች ጭራሮ።

«ስንት ጊዜ? ቡችላ እኮ አንዴ ተወግቶ አይበቃውም፤ አራት ወር እስኪሞላው ይደጋገምለታል።»

«መድኃኒት የለውም?» አለች እናቷ።

«ቫይረሱን የሚገድል የለንም። አንጀቱን እየላጠው ነው። ሰውነቱ እንዳይደርቅ ጉሉኮስ እንሰጠዋለን፤ ማስመለሱን እናስታግሳለን፤ ሌላ ጀርም እንዳይደረብበት መርፌ እንወጋዋለን። የቀረውን ትግል ራሱ ነው የሚታገለው።» ሐኪሟ ጓንቷን አወለቀች። «ሰው ላይ አይጋባም። ለውሾች ግን አይጣል ነው። በእጅ በጫማ ይሄዳል፤ አፈር ውስጥ ወራት ይከርማል። ሳሙና አይበግረውም፤ ወለሉን በበረኪና እጠቡት። ቡችሎች ያሉበት ቤት ደርሳችሁ ከሆነ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ንገሯቸው። ቀድሞ ከታወቀ ብዙ ማዳን ይቻላል።»

ጭራሮ እጆቿን አየች። ትናንት ድብልብልን አቅፋ በዋለችበት እጅ፣ የጎረቤታቸውን የልብስ ሰፊዋን ቡችሎች አንድ በአንድ እያነሳች ስትስማቸው ነበር።

ድብልብልን እዚያው ጉሉኮስ ላይ ትተውት ተመለሱ። በትምህርት ቤት አብራት የምትቀመጠው፣ ድብልብልንም የሰጠቻት ጓደኛዋ ወፌ በር ላይ ቆማለች። የጭራሮ እናት ሰላም ብላት ወደ ውስጥ አለፈች። ወፌ የጭራሮን ባዶ እጆች አየችና፣

«ሞተ?» አለች።

«መታመሙን ማን ነገረሽ?» አለች ጭራሮ።

ወፌ፣ ስታወራ አፍ የማታስከፍተው ልጅ፣ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ንገሪኝ እንጂ!»

«ወንድሞቹ... ሁለቱም ሞቱ። አጎቴ ‹ትል ነው፤ ለማንም እንዳትናገሪ› አለኝ።»

«ትል አይደለም፣ የሚጋባ በሽታ ነው! ተከትቧል አላልሽኝም?»

«ካላልኩሽ አትወስጂውማ! አጎቴ ሜዳ ላይ ሊጥላቸው ነበር እኮ።» እጇን ያዘቻት። «በሞቴ፣ በቃ ዝም በይ። አጎቴ ይገድለኛል። ደግሞ አንቺም ልብስ ሰፊዋ ጋ ሄደሽ የለ? አንቺ እንዳመጣሽው ማን ያውቃል?»

ጭራሮ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ወፌ ልክ ናት፤ ማንም አያውቅም። ቡችሎቹ ቢታመሙ ከመንገድ ነው፣ ከአይጥ ነው ይባላል። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከዚያች ውሻና ከቡችሎቿ ሌላ ቤት የሚያሞቅላት የለም። ከአጥሩ ማዶ ቡችሎቹ እናታቸው ጡት ላይ ሲሻሙ ይንጫጫሉ። ያ ድምፅ ነገ ባይኖርስ?

እናቷ ስልኳን እንደያዘች ብቅ አለች። «ሐኪሟ ናት። አሁንም ያስመልሰዋል፤ ትንፋሹ ግን አለ።»

ጭራሮ ገብታ እጇን ታጠበች፤ ልብሷን ለወጠች። ስትወጣ ወፌ አሁንም እዚያው ነበረች።

«ወዴት ነሽ?»

ጭራሮ አልመለሰችላትም። የልብስ ሰፊዋን የቆርቆሮ በር አንኳኩታ ወደ ኋላ ራቅ ብላ ቆመች። ሲንጀሩ ድምፁን አቋረጠ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እትዬ፣ ጭራሮ።»

«እሰይ የኔ ቆንጆ! ግቢ፣ ቡችሎቹ ዓይናቸውን ገልጠዋል እኮ!» የበሩ ሰንሰለት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

«አይክፈቱልኝ፣ እትዬ» አለች ጭራሮ። «እዚሁ ሆኜ የምነግርዎት ነገር አለ።»