ያልደረቀ ጥላሸት

መጀመሪያ የተሰማው የመጉመጥመጥ ድምፅ ነበር። ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ውሃ በሰው አፍ ውስጥ ጉልጉል አለ፤ ቆመ፤ ደግሞ ጉልጉል አለ። ከዚያ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ። ጎረቤቷ ኢፍቱ ሮጣ በሩን ስትገፋ ፀሐይቱ ወለሉ ላይ ተዘርራለች፤ የጓሮው በር ተከፍቷል።

የፖሊሱ መቶ አለቃ ገርባ ከናዝሬት ተነሥቶ ሸንኮራ ሠራተኞቹ ሰፈር ሲደርስ ዝንቦቹ ቀድመውት ነበር። መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ የሟቿን ከንፈር በእርሳስ ገለጥ አደረገ። ድዷ የተቀቀለ ሥጋ መስሏል፤ ከነጣው መሐል እዚህም እዚያም ጥቁር ነጥብ ቀርቷል። ምላሷ አብጦ ጉሮሮዋን ዘግቶታል። ወጥቶ ተፋና ተመለሰ።

በሩ ላይ እጮኛዋ ጓድ ካሣ፣ የሰፈሩ ካድሬ፣ ቆሟል። ገርባ ሊጨብጠው እጁን ሲዘረጋ ካሣ ጣቶቹን አጥፎ ክንዱን ሰጠው።

«ይቅርታ፣ እጄ ቆሽሿል። ገዳይዋ ያቻት!» አለ፤ ወርቅ ጥርሱ ብልጭ እያለ ጥግ ወደ ተቀመጠችው አሮጊት ድድ ነቃሽ ወደ እልፍነሽ አመለከተ። «ዛሬ ድዷን ነቅሳ መረዘቻት። አብዮታዊ እርምጃ ይገባታል!»

ገርባ አሮጊቷ ፊት ቁጢጥ አለ። «እማማ፣ ጥላሸቱን በምን ለወሱት?»

«በምራቄ ነዋ! መርፌውንም በምላሴ አርሼ ነው የምወጋው፤ እንደ እናቴ።» ምላሷን አወጣችለት፤ ከሰል ይመስላል። ገርባ ፊቱን አዞረ።

«አስጸያፊ!» አለ ቦርሳውን ይዞ የመጣው የክሊኒኩ ድሬሰር ኑሬ። «ፈረንጅ እንኳ ይነቀሳል፤ ግን መርፌውን ቀቅሎ!»

«አንተ ዝም በል!» አለች እልፍነሽ። «በአያቶቻችን ግንባር ላይ መስቀል ሲነቀስ ክብር ነበር። ዛሬ ወርቅ ጥርስ ማስተከል ሥልጣኔ፣ ድድ መነቀስ ኋላ ቀርነት ሆነና!»

«ኑሬ፣ ቦርሳህ ውስጥ የሚያቃጥል ነገር አለ?» ሲል ገርባ ጠየቀ።

«ከአዮዲን በቀር ምንም።»

«እማማ፣ ሲጨርሱ ምን አሏት?»

«እስኪደርቅ ውሃ አፍሽ እንዳይገባ አልኳት። ያን ያህል በሕመም አልቅሳ የተነቀሰችውን ታጥባዋለች እንዴ?»

ገርባ ሁሉንም ሬሳው ዙሪያ አቆማቸው።

«መርዙ ጥላሸቱ ውስጥ ቢሆን ቀድመው የሚሞቱት እማማ ነበሩ። ኢፍቱ፣ ድምፁ ሲሰማ እሳቸው የት ነበሩ?»

«እኔ ጋ፣ ደጄ መደብ ላይ። ያ ረቢ! አብረን ነው የሰማነው።»

«እንግዲህ ልጅቷ ወዳ አልተጉመጠመጠችም፤ የገባ ሰው አስገደዳት። አዮዲን ድድ ያጠይማል እንጂ እንዲህ ልጦ አያነጣም። ይሄ የስኳር ፋብሪካው ቱቦ የሚታጠብበት የሚያቃጥል ሶዳ ነው። በሶዳ ድድ ያሸ ሰው ደግሞ የራሱም ጣት አይተርፍለትም። ጓድ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ለሁሉም ክንድህን ትሰጣለህ። ምግብ አልበላህ፣ ሬሳ አልነካህ፤ እጅህን ምን አቆሸሸው? እስቲ አውጣው!»

ካሣ እጁን ከኪሱ አወጣ። ሌባ ጣቱ ተልጦ ያዣል፤ ጥፍሩ ሥር ጥላሸት፣ መዳፉ ላይ የጥርስ ንክሻ።

«ለሰርጉ ጓዶቼ ይመጣሉ» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ። «በዚያ ጥቁር ድድ ስትስቅላቸው ታየኝ... አስጠላችኝ። እንዲለቅ ብዬ ነው። እንድትሞት አልፈለግሁም።»

«ጥርሴ ነጥቶ እንዲታየው ብላ ነበር እኮ የተነቀሰችው» አለች ኢፍቱ። «ላንተ!»

እልፍነሽ ወደ ሬሳው ጠጋ አለች። የመርፌዎቿን እስር ከሟቿ ራስጌ አስቀመጠች፤ የተሸፈነችበትን ነጠላ ወደ አፏ ሳብ አደረገችላትና ወጣች።

«እማማ፣ መርፌዎን ረሱ!» ብሎ ገርባ ጠራት።

«አልረሳሁም» አለች፤ ዘወር ሳትልም በሸንኮራው መሐል ሄደች።