ሳድ የሚለው ቃል ሳያልቅ

ሽማግሌው በመጻሕፍት ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። መነጽራቸው ከአፍንጫቸው አልወረደም። ከጎናቸው ባለጎማ መሰላል ቆሟል፤ ከክንዳቸው ሥር በኤስ ፊደል የሚጀምሩ የእንግሊዝኛ ቃላትን ታሪክ የያዘ ወፍራም ጥራዝ ተደፍቷል። ዕድሜያቸውን ሙሉ መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ የኖሩ ሰው ናቸው።

መርማሪዋ አየቻቸው፤ ምንም አልተሰማትም። ባሏን ከቀበረች ወዲህ የሚሰማት ነገር የለም። ባልደረቦቿ በሌለችበት «በረዶዋ» ይሏታል። ታውቃለች፤ የሰው አፍ በምን ይዘጋል ብላ ትታዋለች።

«ወድቀው ነው እንዳንል፣ ሐኪሙ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የጣት ምልክት አግኝቷል» አለ ባልደረባዋ። «ትናንት ማታ መሰላሉ ላይ ሳሉ አንድ ሰው እግራቸውን ስቧል። እኔን ከጠየቅሽኝ ልጃቸው ናት። ጠዋት ያገኘቻቸው እሷ ናት፣ ቁልፍ አላት፣ ተጣልተው ነበር። ደግሞ አንድ ጠብታ እንባ አላነባችም! አዛዡም ከምሳ ሰዓት በፊት ትታሰር ብሏል።»

«ካገኘቻቸው በኋላ መሰላሉን የነካ አለ?»

«በሩ ላይ እኔው ቆሜያለሁ። ማንም አልገባም።»

መርማሪዋ ቀና ብላ መደርደሪያውን አየች። ጥራዙ ከወጣበት ቦታ ላይ ክፍተት አልነበረም። ስስ ጣውላ ተሰክቶበታል።

የሟቹ ልጅ በጎረቤት ክፍል ወንበር ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ጎልማሳ ሴት ናት።

«እህቴ፣ ትናንት ቤት አለመምጣታቸው አላሳሰበሽም?»

«እዚህ ማደር ልማዱ ነው። አንድ ቃል ከያዘው እንቅልፍም ልጅም ትዝ አይለውም። ጠዋት ቁርሱን ይዤ ስመጣ ነው…»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

«ጡረታ ውጣ አልኩት። አባዬ እንቢ አለ። በየሳምንቱ የምንጣላው ነገር ነው።»

«አላለቀስሽም ይላሉ።»

«አልመጣልኝም። ዘመዶቼ ቤት ተሰብስበዋል፤ ስገባ ፊቴን ፊቴን ያዩኛል። ምን ላድርግ፣ ሽንኩርት ልክተፍ?»

መርማሪዋ ይህን መልስ ከውስጥ ታውቀዋለች። ባሏ የሞተ ጊዜ አክስቷ ጆሮዋ ሥር መጥታ «እባክሽ ሰው እያየ ነው፣ ትንሽ አልቅሺ» ብላት ነበር። ስለዚህ ሌላ ነገር ጠየቀች።

«መደርደሪያው ላይ ያለው ጣውላ ምንድነው?»

ልጅቷ በተከፈተው በር አሻግራ አየች። «እንጃ። መደርደሪያው ተሰብሮ ይሆናል።»

የመዝገበ ቃላቱ አራሚ ግን ጠይቀዋት የማትጨርስ፣ አፏ ሥራ የማይፈታ ሴትዮ ናት።

«እሱማ ተተኪ ነው እናቴ! መጽሐፍ ያወጣ ሰው በቦታው ስሙ ያለበትን ጣውላ ይሰካል። አለዚያማ እዚህ ቤት መጽሐፍ ይጠፋል። ጋሼ ብቻ ናቸው የማይሰኩት። ራሳቸው ያወጡትን ደንብ! መጽሐፉን ላጥ አድርገው ይሄዳሉ፤ ምክትላቸው ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ክፍተቱን ይደፍናሉ። ስም የሌላቸው ጣውላዎች ለዚያ የተለዩ ናቸው። ምክትሉ መሳቢያቸው ውስጥ ነው የሚቆልፉባቸው።»

«የኤስን ጥራዝ ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ማነው?»

«እኔ! ትናንት ማታ ከመውጣቴ በፊት ቦታው መልሼ ተተኪዬን ወሰድኩ። ጋሼ ብቻቸውን ቀርተው ነበር፤ ምክትሉ ገና በቀን ሄደዋል። ጋሼ ያን ሰሞን 'ሳድ' በሚለው ቃል ተይዘው ነበር።»

«ሳድ? ያዘነ ማለት አይደል?»

«ዛሬ ነዋ! ጥንት የጠገበ ማለት ነበር፣ ሆዱ ሞልቶ በቃኝ ያለ። የጀርመንኛ ዘመዱ ቃል እስከ ዛሬ እንደጠገበ ነው። የእንግሊዝኛው ግን ከመጥገብ ከበደ፣ ከመክበድ ኮስተር አለ፣ ከዚያ አዘነ። ጋሼ ታዲያ 'ቃል በተወለደበት ትርጉም ይጀምር' አሉ። ምክትሉ ፊታቸው አመድ መሰለ።»

«ለምን?»

«ለአንድ ቃል ብቻ አይደለማ። ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው ፊደል ከኤ ይጀመር ነው ያሉት!»

ምክትሉ ከሲታ ናቸው፤ ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። መርማሪዋን ቆመው ተቀበሏት።

«ትናንት የት ነበሩ?»

«በቀን ወጥቼ ቤቴ ነበርኩ። ዛሬም ስመጣ ፖሊስ በሩን ዘግቶ አገኘሁ። ክፍሉን በዓይኔም አላየሁት።»

«የመሳቢያዎ ቁልፍ ማን ጋ ይውላል?»

«ከእኔ ኪስ ወጥቶ አያውቅም» አሉ፤ በኩራት ነበር ያሉት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሰው ሐዘን መግባት አልወድም። ግን አባቷ ሞቶ ዓይኗ ያልረጠበ ልጅ አይተው ያውቃሉ?»

«በየቀኑ መስታወት ውስጥ አያታለሁ» ልትል ነበር፤ ተወችው።

እኩለ ቀን ሲቃረብ ሁሉንም በመጻሕፍት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነስቷል። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋለች። ባልደረባዋ ካቴናውን ይዞ ከልጅቷ አጠገብ ቆሟል።

«ጥራዙ ትናንት ማታ ቦታው ላይ ነበር» አለች መርማሪዋ። «አራሚዋ ራሳቸው መልሰዋል። ከዚያ ሽማግሌው ወጥተው አወረዱት። እዚያው መሰላሉ ላይ እያሉ እግራቸው ተሳበ። ታዲያ ጣውላውን ማን ሰካው?»

«ራሳቸው» አለ ባልደረባዋ።

«ሰክተው አያውቁም። ደግሞ ስም የሌለው ጣውላ ነው።»

«እንግዲያው ልጅቷ።»

«ልጅቷ መደርደሪያው የተሰበረ መስሏታል። ቢነገራትስ ጣውላውን ከተቆለፈ መሳቢያ እንዴት ታወጣዋለች?» ወደ ምክትሉ ዞረች። «ቁልፉ ከኪስዎ አይወጣም፤ ክፍሉንም ዛሬ አላዩትም። ትናንት በቀን ሲወጡ ደግሞ ክፍተቱ ገና አልተፈጠረም። ስለዚህ ማታ ተመልሰዋል፤ ሽማግሌው ከወደቁ በኋላም መሰላሉ ላይ ወጥተዋል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው ያደረጉት።»

ምክትሉ መደርደሪያውን ቀና ብለው አዩ። ጣውላውን ያኔ ገና ያዩት ይመስሉ ነበር።

«እኔ ነኝ የሰካሁት?» አሉ ቀስ ብለው።

«የለመደች ጦጣ…» አለች አራሚዋ፤ ተረቱን ሳትጨርስ አፏን ያዘች።

«ልለምናቸው ነበር የመጣሁት» አሉ ምክትሉ። «ወጣትነቴን የበላ መጽሐፍ ነው። ሚስት አላገባሁ፣ ልጅ አልወለድኩ፤ ታትሞ ሳላየው ልሞት ነው አልኳቸው። እሳቸው ከላይ ሆነው ስለ ሳድ ያነቡልኛል። ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም። እግራቸውን ያዝኩ… እንዲሰሙኝ ነበር። ከዚያ ሳብኩት።» እንደገና ጣውላውን አዩ። «ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግሁ አላስታውስም። ክፍተት ሳይ እደፍናለሁ፤ ሌላ ሥራ አላውቅም።»

ባልደረባዋ ከልጅቷ ጎን ተነስቶ ካቴናውን ወደ ምክትሉ ወሰደው። አራሚዋ ስቅስቅ ብላ እያለቀሰች ተከትላ ወጣች። መርማሪዋ ገዳዩ ሲወጣ አንድ ነገር እንዲሰማት ጠበቀች። አልተሰማትም።

«ነፃ ነሽ እህቴ» አለቻት። «ወደ ቤትሽ መሄድ ትችያለሽ።»

ልጅቷ ከግድግዳው አልተነሳችም። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ይጮሃል።

«ዘመዶቼ ናቸው» አለች። «ገዳዩ ተገኘ ብለው ሲሰሙ አሁንስ ታለቅሳለች ብለው ይጠብቁኛል። እኔ ደግሞ አሁንም ምንም የለኝም።»

መርማሪዋ እጇን ዘርግታ ስልኩን ተቀበለች።

«ሃሎ… አዎ፣ መርማሪዋ ነኝ። አይ እናቴ፣ ገና አልጨረስንም። ጥያቄ አለን፤ እስኪመሽ እዚህ ናት። አይ፣ ማንም እንዳይመጣ።»

ስልኩን ዘግታ መለሰችላት፤ ከዚያ ወንበር ስባ ከልጅቷ አጠገብ ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀቻትም።