የኛሩአች ጣሳ

«ጠጪና እንሄዳለን» አለች ኛዊዩዋል ወደ ኛሊየፕ ጆሮ ጠጋ ብላ። «አንድ ጉንጭ ብቻ።»

ጣሳው ገና አልደረሳቸውም። ኛሩአች በድንኳኑ ውስጥ እየዞረች፣ ለቅሶ ለመጣው ሰው ሁሉ በዚያው በአንድ ጣሳ ውሃ ታጠጣለች። ልጇን ጎርደንን የባሮ ወንዝ ከወሰደው ሳምንት አልሞላም። የኒውላንድ ሰፈር ሙቀት ከሸራው ሥር ታፍኗል፤ ያልጠማው ሰው የለም።

ከጎርደን ጋር በጀልባ የነበረው ሬአት፣ ጀልባዋን አዞ ገለበጣት ብሏል። ሰውም አምኖታል። ኛሊየፕ ግን ያን ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ዳርቻው ላይ ልብስ እያጠበች ነበር። ሬአት ጎርደንን ለማስፈራራት እየሳቀ ጀልባዋን ግራና ቀኝ ሲንጣት አይታለች፤ ጎርደንም «ተው፣ ዋና አልችልም» እያለ ሲለምነው ሰምታለች። ጀልባዋ ስትገለበጥ አዞ አላየችም።

ያየችውን የነገረችው ሙት ለሚባለው አጎቷ ብቻ ነው። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያሳደጋት እሱ ነው፤ «አባ» ትለዋለች። ሬአት ደግሞ የአጎቷ የራሱ ልጅ ነው።

ነገሩ ቤት ውስጥ ሲሰማ የሬአት እናት ኛዊዩዋል ባሏ ላይ ጮኸችበት። «ልጅህ እስር ቤት ይግባልህ? ዘመድ ሁሉ ከብቱን ለካሳ ይንዳልህ?» ሬአት ኛሊየፕን ጓሮ ጠብቆ «አታካብጂ ባክሽ፤ ጭጭ ካልሽ ያልፋል» አላት። ሙት ግን አልተከራከረም። «ለቅሶ እንሄዳለን» አለ።

በኑዌር ልማድ የሰው ሕይወት ያጠፋ ቤተሰብ፣ በስህተትም ቢሆን፣ ነገሩ በሽማግሌ እስኪያልቅ ከሟች ቤተሰብ ጋር በአንድ ዕቃ አይበላም፣ አይጠጣም። ከዚያ ጣሳ የጠጣ፣ በመካከላችን ደም የለም ማለቱ ነው።

ጣሳው ሙት ዘንድ ደረሰ። በዚያ ሙቀት እሑድ እሑድ የሚለብሰውን ኮት ለብሷል፤ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ተነሥቶ ቆመ።

«ኛሩአች እህቴ፣ ከዚህ መጠጣት አልችልም» አለ። «ጀልባዋን አዞ አልገለበጣትም። የገለበጣት የኔ ልጅ ነው። አስቦ አይደለም፤ ግን እሱ ነው።»

የኛዊዩዋል ወንድም ኝዎን ከኋላ ሳቅ አለ።

«ሽማግሌው፣ ፀሐይ መታህ መሰለኝ። አንተ እዚያ ነበርክ?»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ ማን አየ? ስም ጥራ።»

ኛሊየፕ፣ ሙት ወደ እሷ እስኪዞር ጠበቀች። አልዞረም።

«የምለውን ብያለሁ» አለና ተቀመጠ።

ሰው ማጉረምረም ጀመረ። «ያላየውን ያወራል እንዴ?» አለ አንዱ። «አርጅቷል፣ ተዉት» አለ ሌላው። አጠገቡ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሥተው አግዳሚውን ለሱ ብቻ ተዉለት። ሙት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊት ለፊቱን ያያል።

ኛሩአች ጣሳውን ይዛ ኛሊየፕ ፊት ቆመች።

«አንቺስ?» አለቻት።

ከኝዎን አጠገብ የተቀመጠው ሬአት ቀና አለ። ባሮ ዳር ዋና ያስተማራት እሱ ነው። ሆዷን በመዳፉ ደግፎ «አትፍሪ፣ ይዤሻለሁ» ይላት ነበር። ብትጠጣ ነገሩ እዚሁ ያበቃል። ካልጠጣች ሬአት ይታሰራል፤ ኛዊዩዋልም ከእንግዲህ በስሟ አትጠራትም። ጎርደን እንደሆነ ጠጣችም አልጠጣችም አይመለስም።

ውሃ ጠምቷታል። ጣሳውን ተቀበለች።

ኛሊየፕ ጎንበስ አለችና ጣሳውን እንደሞላ ኛሩአች እግር ሥር አስቀመጠችው።

ከኋላዋ ኛዊዩዋል ማልቀስ ስትጀምር ኛሊየፕ አልዞረችም። ድንኳኑን አቋርጣ ሙት ብቻውን ወደ ተቀመጠበት አግዳሚ ሄደች። እሱ ቀና ብሎ አላያትም፤ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።