ሲቢላ የምትተነፍስበት ቦታ

በዋልደንሮዳው መስፍን ግቢ አንድ የማይረባ ልማድ ነበር። የሙዚቃ አለቃው ሲያረጅ ቦታውን የሚወርስ ሰው የአለቃውን ሴት ልጅ ያገባል፤ ሽማግሌውንም እዚያው የግቢው ቤት ውስጥ እስኪሞት ይጦራል። አላገባም ካለ ቦታው የለም።

የአለቃው የኤርድማን ዓይን ሲጠፋ ለቦታው ተፈታኞች መምጣት ጀመሩ። የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋን አይተው ፈገግ፣ ልጁን ሲቢላን አይተው ኮስተር ይላሉ። 

ከተፈታኞቹ አንዱ ቫለንቲን ግን ሲቢላ ያለችበት ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ለፈተናው «ከጥልቅ ወደ አንተ ጮኽሁ» የሚለውን መዝሙር ለመዘምራን በአዲስ ዜማ እየደረሰ ነበር። ሴት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትዘምርምና እዚያው ጎመን እየከተፈች እንድትዘምርለት ለመናት። ዘመረች። መሃል ላይ ትንፋሽ አጠራትና አፈረች።

«እዚህ ጋ ሁሉም ዝም ይላሉ» አላት፣ የዜማው ወረቀት ላይ ምልክት እያደረገ። «አንቺ እስክትተነፍሺ መዘምራኑ በሙሉ ይጠብቁሻል።»

እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ወደደችው፤ ስትወደው ደግሞ ፈራች።

በፈተናው ቀን ያ ዝምታ ሲመጣ መስፍኑ አለቀሱ፤ ቦታውም ለቫለንቲን ሆነ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አንዱ ዘማሪ፣ ቦታውን አግኝቶ ልጅቱን በምራቂ ወሰዳት ብሎ ቀለደ። ቫለንቲን አብሮ ሲስቅ ሲቢላ አየችው።

የግቢው የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ጠበቀችው።

«እኔን ነው የምትፈልገው ወይስ ቦታውን?»

«አንቺን ነዋ።»

«እንግዲያው ቦታውን ተወው።»

 «ብተወው ታምኚኛለሽ?»

«አምንሃለሁ።»

ይከራከረኛል፣ ይለማመጠኛል ብላ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና በማግስቱ ቫለንቲን መስፍኑ ፊት ቀርቦ ሹመቱን አልፈልግም አለ። መስፍኑ እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከአገራቸው እንዲወጣ፣ የደረሰው መዝሙርም የግቢው ንብረት ሆኖ እንዲቀር አዘዙ። ሲቢላ ይህን ስትሰማ እጇን እንኳ ሳትጠርግ ከወጥ ቤት ሮጠች። ዘበኞቹ ከበሩ አስወጥተውት ነበር።

«አሁንስ?» አላት ከማዶ።

«አመንኩህ» አለችው።

ነይ አላላትም። ዓይነ ስውር አባቷን ማን ይጦራል?

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በመጸው ክራፍት የሚባል ሰው ቦታውን ወሰደ፤ ሲቢላም አባቷ ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ ብላ አገባችው። ክራፍት ክፉ አልነበረም፤ ለሽማግሌው ስጋውን ራሱ ይቆርጥላቸዋል።

በዐቢይ ጾም መዘምራኑ የቫለንቲንን መዝሙር አነሱ። ሲቢላ እጇን አጣምራ ያንን ዝምታ ጠበቀች። ሌላው ሁሉ ቢቀርባት ያ ዝምታ ብቻ የሷ ነበር። ድምፁ ግን ሳይቋረጥ አለፈ።

ምሳ ላይ ክራፍት ደስ ብሎታል። «ያ ሰውዬ መሃል ላይ ባዶ ቦታ ትቶ ነበር፤ ረስቶት ይሆናል። ሞላሁለት። አሁን አያምርም?»

አባቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ያምራል» አለች ሲቢላ፤ ሾርባም ጨመረችለት።