የጁነዲን ግራፍ ለምን ጠፋ?

«ምኑን ነካሽው?» አለ ጁነዲን።

ኢናስ እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። «ያንተን? ምንም!»

«ታዲያ ግራፌ የት ሄደ?»

የአዋሽንና የሰመራን ሙቀት ጎን ለጎን ያሳይ የነበረው ግራፍ ጠፍቶ፣ ስክሪኑ ላይ ቀይ የስህተት ጽሑፍ ብቻ ቀርቷል። ነገ የአዋሽ ተማሪዎች የኮምፒዩተር ክበቡን ሥራ ለማየት ሰመራ ይመጣሉ። ጁነዲን ግራፉን «መስመር በመስመር ራሴ ነኝ የጻፍኩት» ብሎ ነበር፤ ኢናስም ጓደኛዋ ነውና ለክፍሏ ልጆች ሁሉ አውርታለታለች።

በክበቡ የሁሉም ፕሮጀክት የሚቀመጠው አንድ ትልቅ ፎልደር ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ በውስጡ የራሱ ፎልደር አለው። ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ኮድ፣ የፈለገ ተማሪ በራሱ ፎልደር ውስጥ ያስመዘግባል። ላይብረሪዎቹ ሲጫኑ ግን ሁሉም አንድ የጋራ ቦታ ላይ ነው የሚያርፉት፤ አንዱ ያስጫነውን ሌላውም ሊጠቀምበት ይችላል።

ዛሬ ኢናስ ለአፋርኛ ቃላት መለማመጃዋ አዲስ ፎልደር ከፈተች። የክበቡ ኃላፊ መምህር ጉልላት «በዚያው የኸሊዳን ፎልደር አጥፊው፤ እሷ ተመርቃ ሄዳለች» ብለዋት ስለነበር የኸሊዳን አጠፋችና ላይብረሪዎቹን ሁሉ እንደገና ጫነች። የራሷ ገጽ ወዲያው ሠራላት። «ሌ» ሲላት «ውሃ» ብላ ጻፈች፤ አረንጓዴ በራ። የጁነዲን ገጽ ግን እምቢ አለ።

«አዲሱ ፎልደርሽ ነው ያበላሸው» አለ ጁነዲን። «አውጪውና የኸሊዳን መልሺው። በቃ።»

«የእኔ ለምን ያንተን ያበላሻል?»

«ምን ለምን አለው? አታካብጂ!»

ኢናስን ግን ነገሩ ከነከናት። ቅጂ ስለነበር የኸሊዳን ፎልደር መለሰች፤ የራሷን አልነካችም። ግራፉ ተመልሶ መጣ። የኸሊዳን እንደገና አወጣች። ጠፋ።

«የእኔ አይደለም!» አለች በደስታ። «የኸሊዳ ነው! ቆይ፣ ምን ነበራት?»

«ተይው አልኩሽ እኮ።»

አልተወችውም። ኸሊዳ ግራፍ የሚስል ላይብረሪ አስመዝግባ ነበር። የጁነዲንን ኮድ ከፈተች፤ የመጀመሪያው መስመር ያንኑ ላይብረሪ ይጠራል። በጁነዲን ፎልደር ውስጥ ግን አልተመዘገበም። ግራፉ እስከ ዛሬ የሠራው ኸሊዳ ባስጫነችው ነበር ማለት ነው።

ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጁኑ፣ አንተ አይደለህም እንዴ የጻፍከው?»

ጁነዲን ወደ መስኮቱ ዞረ። አስፋልቱ ላይ ወደ ገላፊ ድንበር የሚሄዱ ተሳቢዎች ተከታትለው ያልፋሉ።

«ወላሂ ሞክሬያለሁ። አልሆን አለኝ። የኸሊዳን አይቼ ስጠቀም በአንዴ ሠራ። ከዚያ ሁላችሁም አጨበጨባችሁ…»

«ሙቀቱንስ ማን ለካው?»

«እሱማ እኔ ነኝ! የአዋሹን ደግሞ አጎቴ በየቀኑ እየደወለ ይነግረኛል።»

«ይኼ እኮ ነው ደስ የሚለው ነገር!»

«እሺ፣ የኸሊዳ ፎልደር ይመለስ። ያንቺን ግን እሱ ነው ያበላሸው ብለን እናውጣው፤ ከነገ ወዲያ ትመልሺዋለሽ። ማንም አያውቅም።»

ኢናስ ስክሪኑን አየች። ፎልደሩን ለመመለስ አንድ ትእዛዝ ይበቃል። ጁነዲን ለእሷ ወንድም ማለት ነው፤ ሰው ፊት ሲያፍር ማየት አትፈልግም። የእሷ ገጽ ግን ምንም አላበላሸም።

በሩ ተከፈተ። መምህር ጉልላት ላባቸውን እየጠረጉ ገቡና ቀዩን ጽሑፍ አዩት። «ምንድነው ይኼ? ኢናስ፣ ያንቺ አዲሱ ነው እንዴ?»

«አይደለም ቲቸር። ምክንያቱን አግኝተነዋል።»

ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ኪቦርዱን ወደ ጁነዲን ገፋ አደረገችለት፤ ወንበሯንም ወደ እሱ አስጠጋች።

ጁነዲን አያት። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቲቸር፣ ግራፉን የሚስለው ላይብረሪ ነው» አለ። «አላስመዘገብኩትም ነበር። አሁን ላስመዝግበው ነው።»