የጠመኔው ምልክት

በዚያ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ድሮ ሳቅ አይጠፋም ነበር፣ እውነቴን ነው! አባት የሚኒባስ ሹፌር፣ እናት ልብስ ንጽህና ቤት ካውያ ይዛ የምትውል፣ አያት ደግሞ በሁለቱ ወንዶች ልጆቿ፣ በአባትና በታናሹ ላይ ስታሾፍ የምትውል ነበሩ። ታናሽየው መካኒክ ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ "ብሎኔ" ነው የሚለው። ብሎኔ አንድ ልማድ ነበረው። የጎማውን ብሎኖች አጥብቆ ሲጨርስ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ያደርጋል። ምልክት ያለበት ጎማ ያለቀለት ነው፣ በቃ። አንድ ጠዋት ግን... ወይኔ፣ ያቺ ጠዋት! ቸኮለና የወንድሙን መኪና አራት ጎማዎች ሳያጠብቅ አስቀድሞ ምልክት አደረገባቸው። ሦስቱን አጠበቀ። አራተኛው ጋ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ፤ አውርቶ ሲመለስ ምልክቱን አየና "ይሄም አልቋል" ብሎ አለፈው። ወንድሙ ባዶ መኪናውን ይዞ ወደ ተራው ሲበር ቁልቁለቱ ላይ ጎማው ወለቀ። መኪናው ተገለበጠ፤ አባት እዚያው ሞተ። የገዛ ወንድሙን... በገዛ እጁ... ሰው ከዚህ በኋላ እንዴት ነው የሚተነፍሰው?

ብሎኔ ፍርድ ቤት ቆሞ "ጥፋቱ የኔ ነው" አለ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሦስት ዓመት ታሰረ። አያት ስሙ በቤቷ እንዳይነሳ ከለከለች። እሱ ሲፈታ እሷ በልብ ድካም አልጋ ላይ ውላለች፤ ሐኪሙም ብዙ እንደማትቆይ ተናግሯል። ለብሎኔ የቀረችው ምኞት አንዲት ብቻ ናት፦ እናቱ ሳትሞት አንዴ "ልጄ" እንድትለው። በየቀኑ ደጅ ይመጣል፣ የወንድሙ ሚስት፣ የቤቱ እናት፣ ትወጣለች።

"እንዴት አደረች?"

"አለች።"

"ጠየቀችኝ?"

እናት መሬት መሬት ታያለች። እሱም ይመለሳል። በየቀኑ! ልብ አይሰብርም?

አንድ እሁድ ከሰዓት የቤተክርስቲያን ሰዎች ለአያት ሊጸልዩ መጥተው ክፍሏ ጢም ብሏል። በዚህ መሃል ብሎኔ በሩ ላይ ብቅ አለ። "ፊቱን በጨው ታጥቦ መጣ" ብላ አንዷ ጎረቤት ተንሾካሾከች፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ። ከጸሎተኞቹ መሃል አንድ ሽማግሌ ተነስተው በሩ ላይ ቆሙ።

"ልጄ፣ እናትህን በሰላም እንሸኛት። የወንድምህን ደም ይዘህ እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ሰላም ብያት እሄዳለሁ አባቴ።"

"አንተ ባለህበት ጸሎታችንም አያርግም።"

ያኔ የሟቹ ሚስት፣ እናት፣ ብድግ አለች። ያቺ ቀና ብላ የማታወራ እናት!

"ጋሼ፣ እሱን ካስወጡት እኔንም ያስወጡኝ።"

"አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ?"

"ያን ጠዋት የደወልኩት እኔ ነኝ። ሦስቴ። 'ባሌ ተራው ሊያልፈው ነው፣ አንተ ቀርፋፋ' ብዬ ሰደብኩት። አራተኛው ጎማ የቀረው በሦስተኛው ስልኬ ነው። እሱ ፍርድ ቤት ስሜን አላነሳም። እናንተ 'አይዞሽ' እያላችሁ ስታጽናኑኝ፣ እኔ ዝም ብዬ ስጽናና ከረምኩ።"

"ምን ነካሽ፣ ተይ እንጂ..." አለ ብሎኔ።

"አልተውም። ሦስት ዓመት ተውኩት።"

ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። ሽማግሌው ግን ከበሩ ንቅንቅ አላሉም። ክርስቲያን ነን እያልን ግን በየሰው በር ላይ ዘበኛ የምንሆነው ማን ቀጥሮን ነው? እስቲ ንገሩኝ!

ከአልጋው ላይ ቀጭን ድምፅ መጣ።

"ሽማግሌው፣ ገለል ይበሉልኝ። ልጄን ጋረዱብኝ።"

ልጄን አለች! ብሎኔ እየዳኸ አልጋዋ ጋ ደረሰ። አያት አንገቱን ዳሰሰችው። "ምን እንዲህ አከሳህ፣ አጥንት ብቻ ሆንክ እኮ" አለችው። ከዚያ ግድግዳው ጋ የቆመችውን ምራቷን አየቻት። "አንቺም ነይ። ለብቻሽ እንዴት ቻልሽው?"

በአራተኛው ቀን አያት ሞተች፣ አንዱን እጇን እሱ፣ አንዱን እናት ይዘውት። ቀብሩ ላይ የሚያሽሟጥጥ አልጠፋም፤ እናት ግን የብሎኔን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ፊት ለፊት ሄደች። ጎማውን የነቀለው ዕጣ ፈንታ ነው እንበል፣ እሺ። በሩ ላይ የቆመው ግን ዕጣ ፈንታ አልነበረም፤ ሰው ነው። የሚፈርድ ይፍረድ! እነሱ ሁለቱ ከመቃብሩ ተያይዘው ተመለሱ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ።